ሰባት ቁጥር ይዛችሁ የ118ቱንም ኤለመንት ግሩፕና ፔሬድ እንዴት ታወጣላችሁ

ኬሚስትሪ የሚጀምር ተማሪ ፔሪዮዲክ ቴብል ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ሀሳብ ሽምደዳ ነው። ሀይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም እያለ እስከ ካልሲየም ይሄዳል፣ 20 አልፎ ስካንዲየም ሲመጣ ግን ይቆምበታል፣ ከዛ ፈተና ላይ "አቶሚክ ቁጥሩ 53 የሆነ ኤለመንት ግሩፑና ፔሬዱ ስንት ነው" ሲባል የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል። (ግሩፕ ከላይ ወደታች የሚወርደው አምድ ነው፣ ፔሬድ ደሞ አግድም መስመሩ።) የሚያሳዝነው ደሞ ጥያቄው ጭራሽ ሽምደዳ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ቴብሉ ዝም ብሎ የተደረደረ ሳጥን አይደለም፣ ስርአት ያለው ነገር ነው፣ ስርአቱን የያዘ ሰው መደመርና መቀነስ ከቻለ የትኛውንም ኤለመንት ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ መያዝ ያለባችሁ ሰባት ቁጥር ብቻ ነው።

2፣ 10፣ 18፣ 36፣ 54፣ 86፣ 118።

እነዚህ የኖብል ጋዞቹ (ከሌላ ጋር በቀላሉ የማይጣመሩት) አቶሚክ ቁጥሮች ናቸው፦ ሂሊየም 2፣ ኒዮን 10፣ አርጎን 18፣ ክሪፕተን 36፣ ዜኖን 54፣ ራዶን 86፣ ኦጋኔሰን 118። ሁሉም በቀኝ በኩል ጫፍ ላይ ባለው አምድ ውስጥ ነው ያሉት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው የአንድ ፔሬድ (የአንድ አግድም መስመር) መዝጊያ ናቸው። አንደኛው ፔሬድ 2 ላይ ያልቃል፣ ሁለተኛው 10 ላይ፣ ሶስተኛው 18 ላይ፣ እንዲህ እያለ ሰባተኛው 118 ላይ ይዘጋል። ሰባቱም አልያዝ ካላችሁ ልዩነታቸውን እዩት፣ ከ2 ተነሱና 8ን ሁለቴ፣ 18ን ሁለቴ፣ 32ን ሁለቴ ደምሩ፣ ሰባቱም ቁጥር ይወጣላችኋል።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ግን አቶሚክ ቁጥሩ የቱ እንደሆነ እርግጠኛ እንሁን፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው ግሩፕ ማውጣቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። የአንድ ኤለመንት ሳጥን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። ክሎሪንን ብንወስድ 17 እና 35.45 ተፅፎበታል። ሙሉ ቁጥሩ 17 አቶሚክ ቁጥሩ ነው፣ ኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት ማለት ነው፣ ግማሽ ፕሮቶን ስለሌለ ደሞ ይሄ ቁጥር መቼም ነጥብ አይኖረውም። 35.45 አቶሚክ ማሱ ነው፣ ነጥብ የያዘው በተፈጥሮ የሚገኘው ክሎሪን የክሎሪን-35 እና የክሎሪን-37 ድብልቅ ሆኖ የነሱ አማካይ ስለተፃፈ ነው። አንዳንዱ ቴብል አቶሚክ ቁጥሩን ከላይ ያረገዋል አንዳንዱ ከታች፣ ስለዚህ "የላይኛው ቁጥር" ብላችሁ አትያዙት፣ ነጥብ የሌለው ብላችሁ ያዙት። አንዳንድ ከባድ ራዲዮአክቲቭ ኤለመንቶች ላይ ማሱም ያለ ነጥብ በቅንፍ ይፃፋል፣ እዛ ጋ ትንሹን ቁጥር ውሰዱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለምን በማስ ሳይሆን በአቶሚክ ቁጥር እንደሚደረደር የገባው ሰው ሁለቱን አያምታታም። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ በ1869 ቴብሉን ሲያወጣ ፕሮቶን የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር፣ በእጁ የነበረው አቶሚክ ማስና የኤለመንቶቹ ፀባይ ነው። በማስ ደረደራቸው፣ ፀባያቸው አልገጥም ሲለው ደሞ ማሱን ትቶ ፀባዩን ተከተለ። ቴሉሪየም (127.6) ከአዮዲን (126.9) ይከብዳል፣ በማስ ቢሆን አዮዲን መቅደም ነበረበት፣ ግን አዮዲን ፀባዩ ከክሎሪንና ከብሮሚን ጋር ስለሆነ ከነሱ ስር እንዲገባ ቴሉሪየምን አስቀደመው። ያልተገኙ ኤለመንቶችም እንዳሉ ገምቶ ቦታ ክፍት ተወላቸው፣ ጋሊየም በ1875፣ ስካንዲየም በ1879፣ ጀርማኒየም በ1886 ተገኝተው እነዛን ቦታዎች ሞሉ። ለኔ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ትንበያ ብዙ የለም። አዮዲን ለምን ከቴሉሪየም በኋላ መምጣት እንዳለበት ግን በግልፅ ያሳየው እንግሊዛዊው ፊዚሲስት ሄንሪ ሞዝሊ ነው፣ በ1913 ኤለመንቶቹ የሚያወጡትን ኤክስሬይ ለክቶ እያንዳንዱ ኤለመንት በአንድ በአንድ የሚጨምር የራሱ ቁጥር እንዳለው አሳየ፣ ቴሉሪየም 52 አዮዲን 53። እንደውም 43፣ 61 እና 75 ቁጥር ላይ ገና ያልተገኙ ኤለመንቶች እንዳሉ ከመለኪያው ታየው፣ በኋላ ሁሉም ተገኙ። እሱ ግን ይሄን አላየም፣ በ1915 ጋሊፖሊ ጦርነት ላይ በ27 አመቱ ሞተ። ተመሳሳይ የማስ መገለባበጥ አርጎንና ፖታሲየም ላይ፣ ኮባልትና ኒኬል ላይም አለ፣ ቴብል ካላችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

እሺ አሁን አስተማሪዎች የሚወዱት ጥያቄ፣ አቶሚክ ቁጥሩን በቀጥታ የማይሰጥ። ማስ ነምበር (የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር) እና ኒውትሮን ከተሰጣችሁ ቀላል ነው፣ ትቀንሳላችሁ፣ ማስ ነምበሩ 35 ሆኖ 18 ኒውትሮን ካለው ፕሮቶኑ 17 ነው። ችግር የሚፈጥረው አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሰጠ ወይም የተቀበለ አቶም ሲመጣ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል እንበል፦ "ሁለት ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን 18 ኤሌክትሮን አለው፣ ኤለመንቱ ግሩፕ ስንት ነው?" 18ን ያየ ተማሪ ወዲያው አርጎን ብሎ ግሩፕ 18 ይፅፋል፣ ምርጫው ውስጥ ደሞ ግሩፕ 18 ሆን ተብሎ ገብቶለታል። ቀስ ብላችሁ አስቡት፣ ሁለት ኔጌቲቭ ማለት ሁለት ኤሌክትሮን ተቀብሏል ማለት ነው፣ ስለዚህ ከመቀበሉ በፊት 16 ነበረው፣ ፕሮቶኑም 16 ነው፣ ሰልፈር ነው፣ ግሩፕ 16 ፔሬድ 3። ያው ጥያቄ ቻርጁ ሁለት ፖዘቲቭ ቢሆን ደሞ ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቷል ማለት ስለሆነ 20 ነበረው፣ ካልሲየም፣ ግሩፕ 2 ፔሬድ 4። አያችሁ፣ ሁለቱም አዮኖች 18 ኤሌክትሮን ነው ያላቸው፣ ኤለመንቶቹ ግን ግሩፓቸውም ፔሬዳቸውም የተለያየ ነው። ኤሌክትሮን ይመጣል ይሄዳል፣ የኤለመንቱን ማንነት የሚወስነው ፕሮቶኑ ነው። ሁሌም ወደ ፕሮቶን ሳትመልሱት ግሩፕ ማውጣት እንዳትጀምሩ።

አሁን ዋናው ስራ። አቶሚክ ቁጥሩን ያዙና ከሰባቱ ውስጥ ከሱ የሚያንሰውን ትልቁን ፈልጉ። የሚያንሰውን ነው ያልኩት፣ እኩል የሆነውን አይደለም፣ ይሄ በኋላ ራሱ ኖብል ጋዝ ሲሰጣችሁ ይጠቅማል። ያገኛችሁት ስንተኛው ኖብል ጋዝ እንደሆነ ቁጠሩና 1 ደምሩበት፣ ፔሬዱ እሱ ነው። ለ53 ከሱ የሚያንሰው ትልቁ 36 ነው፣ 36 አራተኛው ስለሆነ ፔሬዱ 5 ነው። ምክንያቱም ግልፅ ነው፣ አራተኛው መስመር 36 ላይ ከተዘጋ 37 እና ከዛ በላይ ያለው አምስተኛው ላይ ነው የሚቀመጠው።

ቀጥሎ ኖብል ጋዙን ከአቶሚክ ቁጥሩ ቀንሱ። 53 − 36 = 17። ይሄ ትራፊ ኤለመንቱ በመስመሩ ላይ ከግራ ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከዚህ በኋላ ትራፊውን ወደ ግሩፕ መቀየር ነው፣ እሱ ደሞ እንደ ፔሬዱ ይለያያል።

ፔሬድ 4 እና 5 ላይ ምንም ስራ የለም፣ ትራፊው ራሱ ግሩፑ ነው። እነዚህ መስመሮች 18 ኤለመንት አላቸው፣ ግሩፑም 18 ነው፣ ልክ ለልክ። ስለዚህ 53 ግሩፕ 17 ነው፣ አዮዲን፣ ሃሎጅን (የግሩፕ 17 ኤለመንቶች መጠሪያ)። ብረት 26 ነው፣ 26 − 18 = 8፣ ግሩፕ 8 ፔሬድ 4።

ፔሬድ 2 እና 3 ላይ ያሉት 8 ኤለመንት ብቻ ናቸው፣ ግን ከግሩፕ 1 እስከ 18 ያለውን ስፋት ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ መሀል ላይ አስር ቦታ ባዶ ነው። ቴብሉን ስታዩ ከማግኒዚየም ቀጥሎ አሉሚኒየም እስኪመጣ ያለው ክፍት ቦታ እሱ ነው። ስለዚህ ትራፊው 1 ወይም 2 ከሆነ እንዳለ ግሩፑ ነው፣ 3 እና ከዛ በላይ ከሆነ 10 ደምሩ። ካርበን 6 ነው፣ 6 − 2 = 4፣ ሲደመር 10፣ ግሩፕ 14። ክሎሪን 17 − 10 = 7፣ ግሩፕ 17። ሶዲየም 11 − 10 = 1፣ ግሩፕ 1፣ እዚህ ምንም አይደመርም።

ፔሬድ 6 እና 7 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ 32 ኤለመንት አለ ግሩፑ ግን 18 ብቻ ነው፣ 14 ኤለመንት ተርፏል። ከታች ለብቻቸው የተቀመጡትን ሁለት ረድፎች የሚፈጥሩት እነዚህ ትርፎቹ ናቸው፣ ላንታናይድና አክቲናይድ የሚባሉት። ስለዚህ ትራፊው 1 ወይም 2 ከሆነ እንዳለ፣ 18 እና ከዛ በላይ ከሆነ 14 ቀንሱ። ወርቅ 79 ነው፣ 79 − 54 = 25፣ ሲቀነስ 14፣ ግሩፕ 11፣ ፔሬዱ ደሞ 54 አምስተኛው ስለሆነ 6። እርሳስ 82፣ ትራፊው 28፣ ግሩፕ 14፣ ስለዚህ ከካርበን ጋር አንድ ግሩፕ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሜርኩሪ 80፣ ትራፊው 26፣ ግሩፕ 12።

ትራፊው ከ3 እስከ 17 ከሆነስ? ያኔ ከ57 እስከ 71 ወይም ከ89 እስከ 103 ያሉት ውስጥ ናችሁ። ዩራኒየም 92 − 86 = 6፣ ፔሬድ 7፣ አክቲናይድ። ለነዚህ አብዛኛዎቹ ከ1 እስከ 18 ያለ የግሩፕ ቁጥር አይሰጣቸውም፣ ስለዚህ "ላንታናይድ ነው" ወይም "አክቲናይድ ነው" ብሎ ፔሬዱን መፃፍ ትክክለኛ መልስ ነው፣ ግድ ቁጥር ፈልጋችሁ አትጨነቁ። ከኢትሪየም ስር በግሩፕ 3 ላንታነም (57) ይግባ ወይስ ሉቴሺየም (71) የሚለው ላይ ኬሚስቶች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል፣ መፅሀፎችም ይለያያሉ፣ ለፈተና የራሳችሁ መፅሀፍ ላይ ያለውን ተከተሉ።

ራሱ ኖብል ጋዝ ሲመጣ "የሚያንሰው" የሚለውን አስታውሱ። ዜኖን 54 ነው፣ ከ54 የሚያንሰው 36፣ ትራፊ 18፣ ግሩፕ 18 ፔሬድ 5። ራዶን 86 − 54 = 32፣ ሲቀነስ 14፣ 18። እኩሉን ወስዳችሁ ብትቀንሱ ዜሮ ይመጣና ግራ ትጋባላችሁ።

ከዚህ ስሌት ውጪ የሚቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሀይድሮጅንና ሂሊየም፣ እነሱን እንደ ሰው ስም በቃላችሁ ያዟቸው። ሀይድሮጅን 1 ኤሌክትሮን ስላለው ግሩፕ 1 ላይ ይቀመጣል ግን አልካሊ ሜታል አይደለም፣ ጋዝ ነው። ሂሊየም ሁለት ኤሌክትሮን ነው ያለው፣ በኤሌክትሮን ብዛት ብቻ ቢሆን ግሩፕ 2 ከማግኒዚየም ጋር ይገባ ነበር፣ ነገር ግን ያለው አንድ ሼል (የኤሌክትሮን ንብርብር) ሁለት ብቻ ነው የሚይዘውና ሞልቷል፣ ከማንም ጋር መጣመር አይፈልግም፣ ስለዚህ ቦታው ግሩፕ 18 ነው።

8፣ 18፣ 32 የሚሉት ቁጥሮች ከየት መጡ ለሚል ሰው፣ መልሱ ኦርቢታል ነው፣ ኤሌክትሮኖች የሚቀመጡበት ቦታ ማለት ነው። ኤስ 2 ኤሌክትሮን ይይዛል፣ ፒ 6፣ ዲ 10፣ ኤፍ 14። ኤስና ፒ ሲደመሩ 8፣ ዲ ሲጨመር 18፣ ኤፍ ሲጨመር 32። ቅድም የደመርነው 10 የዲ ቦታ ነው፣ የቀነስነው 14 ደሞ የኤፍ ቦታ ነው። ይሄ ከገባችሁ መቼ እንደሚደመርና መቼ እንደሚቀነስ መያዝ ራሱ አያስፈልጋችሁም፣ ዲ ገና ያልጀመረበት መስመር ላይ አስር ቦታ ትዘላላችሁ፣ ኤፍ የገባበት ላይ አስራ አራቱን ታወጣላችሁ።

ኤሌክትሮን ኮንፊገሬሽን (የትኛው ኦርቢታል ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ) ፅፈው ግሩፕ የሚያወጡ ሰዎች ክሮሚየምና ኮፐር ላይ ይደናገራሉ፣ ምክንያቱም ኮፐር በተለመደው አሞላል 4ኤስ ላይ ሁለት 3ዲ ላይ ዘጠኝ ይኖረዋል ሲባል በተግባር 4ኤስ ላይ አንድ 3ዲ ላይ አስር ነው ያለው። አንዱን ብቻ አይቶ ግሩፕ 1 ነው የሚል አይጠፋም። ለዲ ብሎክ (መሀል ላይ ላሉት ከግሩፕ 3 እስከ 12) የኤሱንም የዲውንም አንድ ላይ ነው መቁጠር፣ 1 + 10 = 11። በኛ መንገድ ብትሄዱ ደሞ 29 − 18 = 11፣ ኤሌክትሮኑ የትም ይቀመጥ የት ድምሩ አይቀየርም፣ ጥሩነቱም እዚህ ጋ ነው። ዲ ብሎክ ላይ ሌላው የሚያሳስተው ፔሬዱ ነው፣ 3ዲ የሚለውን አይቶ ፔሬድ 3 የሚል አለ፣ ፔሬዱ የሚታየው በትልቁ ቁጥር ነው፣ 4ኤስ ካለ ፔሬድ 4።

ግሩፑን ካገኛችሁ ቫለንስ ኤሌክትሮን (ውጨኛው ሼል ላይ ያለው) በነፃ ነው። ግሩፕ 1 እና 2 ላይ ራሱ ቁጥሩ ነው፣ ከ13 እስከ 18 ደሞ 10 ቀንሱ፣ ናይትሮጅን ግሩፕ 15 ስለዚህ 5፣ ኦክስጅን ግሩፕ 16 ስለዚህ 6 (ሂሊየም ብቻ 2)። መሀል ያሉትን ትራንዚሽን ሜታሎች በዚህ አትሞክሩ። ቆየት ያሉ መፅሀፎች ላይ ደሞ ግሩፑ በሮማን ቁጥርና በኤ እና ቢ ሊፃፍ ይችላል፣ በአሜሪካ አፃፃፍ ሰባተኛ ኤ ሲላችሁ ሃሎጅኖቹን ነው፣ አሁን ግሩፕ 17 የምንለው። ችግሩ የአሜሪካና የአውሮፓ መፅሀፎች ኤ እና ቢን በተለያየ መንገድ ነበር የሚጠቀሙት፣ ከ1 እስከ 18 የሚለው አቆጣጠር የመጣውም ይሄን ለማስቀረት ነው፣ ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ሁሌም በ18ቱ ፃፉ።

መልሳችሁን ማረጋገጥ ስትፈልጉ ወደታች ውረዱ። አንድ ግሩፕ ውስጥ ከላይ ወደታች ስትሄዱ አቶሚክ ቁጥሩ የሚጨምረው በ8፣ በ18 ወይም በ32 ነው፣ ከሀይድሮጅን ወደ ሊቲየም በ2 ከመጨመሩ በቀር ሌላ የለም። አልካሊ ሜታሎቹን እዩ፣ ሊቲየም 3፣ ሶዲየም 11፣ ፖታሲየም 19፣ ሩቢዲየም 37፣ ሲዚየም 55፣ ፍራንሲየም 87። ሃሎጅኖቹ ደሞ 9፣ 17፣ 35፣ 53፣ 85፣ 117። ልዩነቱ የግራዎቹ ላይ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32 ነው፣ የቀኞቹ ላይ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32፣ ምክንያቱም ዲ እና ኤፍ የሚገቡት በሁለቱ መሀል ስለሆነ ቀኝ ያሉት ቀድመው ይገፋሉ። ኮፐር 29፣ ብር 47፣ ወርቅ 79 ብላችሁ ቀንሱት፣ 18 ከዛ 32፣ ሶስቱም ግሩፕ 11። "አቶሚክ ቁጥሩ 33 ከሆነው ጋር ተመሳሳይ ፀባይ ያለው የቱ ነው" ተብሎ 15፣ 25፣ 34 እና 43 ቢሰጣችሁ ስም ማወቅ እንኳን አያስፈልግም፣ 33 − 18 = 15፣ በግሩፑ ከ33 በላይ ያለው አቶሚክ ቁጥሩ 15 የሆነው ስለሆነ መልሱ 15 ነው (አርሴኒክና ፎስፎረስ ናቸው)።

ራሳችሁን ፈትኑ፣ ቴብል ሳታዩ፦ 15፣ 35፣ 47፣ 56፣ 74፣ 114። ወረቀት ላይ ስሩና ከዛ ተመልሳችሁ ኑ። 15 ትራፊው 5 ነው፣ ግሩፕ 15 ፔሬድ 3። 35 ትራፊው 17፣ ግሩፕ 17 ፔሬድ 4። 47 ትራፊው 11፣ ግሩፕ 11 ፔሬድ 5። 56 ትራፊው 2፣ ግሩፕ 2 ፔሬድ 6፣ እዚህ 14 የቀነሰ ሰው ኔጌቲቭ ቁጥር ስለሚመጣበት ወዲያው ያውቀዋል። 74 ትራፊው 20፣ ግሩፕ 6 ፔሬድ 6። 114 ትራፊው 28፣ ግሩፕ 14 ፔሬድ 7፣ ከእርሳስ ስር፣ 82 ላይ 32 ብትደምሩም እዛው ነው የምትደርሱት።

አንድ ልጨምርላችሁ፣ 119 ብትባሉስ? ገና ማንም አልሰራውም፣ ከሰባቱ ትልቁ 118 ስለሆነ ግን 119 − 118 = 1፣ ግሩፕ 1 ፔሬድ 8፣ ከፍራንሲየም ስር ይገባል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። 87 + 32 ስንት እንደሆነ ራሳችሁ ደምሩት።